ክርክር፦ የባሕር ጠረፍን ለመከላከል ፈጣን የሚሳይል ጀልባዎች ይበቃሉን?

አወያይ፦
ለዚህ ውይይት የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ረጅም የባሕር ጠረፍ ያለው፣ ነገር ግን ትልልቅ የጦር መርከቦችን ለመግዛትም ሆነ ለማስተዳደር አቅም የሌለው አገር፣ ለባሕር መከላከያው የመደበውን ገንዘብ በዋናነት በፈጣን የሚሳይል ጀልባዎች ላይ ቢያውል ትክክል ይሆናልን? የሚሳይል ጀልባ የምንለው ክብደቷ ከ600 ቶን ገደማ የማይበልጥ፣ ከ30 ኖት ማለትም በሰዓት ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ የምትሮጥና ከሁለት እስከ ስምንት ፀረ መርከብ ሚሳይሎችን የታጠቀች ጀልባን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ። ተሳታፊዎች ጥያቄውን ለአንድ አገር ሳይወስኑ በራሱ እንዲመረምሩት አደራ እላለሁ።

ማዕበል፦
ትክክል ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ከታሪክ እጀምራለሁ። ኦክቶበር 21 ቀን 1967 ኤይላት የተባለችው የእስራኤል ዲስትሮየር (ፈጣን የሆነች ትልቅ የጦር መርከብ) ከግብፁ ወደብ ከፖርት ሰኢድ ፊት ለፊት ስትመላለስ፣ ከወደቡ ውስጥ እንኳን ያልወጡ ኮማር የሚባሉ የግብፅ ጀልባዎች በሶቪየት ኅብረት የተሠሩ ፒ-15 ሚሳይሎችን ተኩሰው አሰጠሟት። ከመርከበኞቿም 47ቱ ሞቱ። ኮማር ከቶርፒዶ ጀልባ ቀፎ (ቶርፒዶ በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብን የሚመታ ፈንጂ ነው) የተሠራች፣ ክብደቷ መቶ ቶን የማይሞላ፣ ሁለት ሚሳይሎችን ብቻ የምትሸከም ጀልባ ነበረች። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለች ጀልባ በብዙ እጥፍ የምትበልጣትን የጦር መርከብ በመድፍ ክልል ውስጥ ሳትገባ ልታጠፋት ትችላለች ብሎ የሚያምን የባሕር ኃይል አዛዥ ጥቂት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ትልልቆቹ የባሕር ኃይሎች ሁሉ የመርከቦቻቸውን መከላከያ እንደ አዲስ ለማሰብ ተገደዱ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 4 ቀን 1971 ሌሊት፣ ኒፓት፣ ኒርጋትና ቪር የተባሉ ሦስት የሕንድ የሚሳይል ጀልባዎች ወደ ካራቺ ቀርበው የፓኪስታንን ዲስትሮየር ካይበርንና ሙሃፊዝ የተባለችውን ፈንጂ ጠራጊ መርከብ አሰጠሙ። በአራተኛው ቀን በተደረገው ሁለተኛ ጥቃት ደግሞ የወደቡ የነዳጅ ማከማቻዎች ተቃጠሉ። ሕንድ ዲሴምበር 4ን እስካሁን የባሕር ኃይል ቀን አድርጋ ታከብረዋለች። ለአንድ ፍሪጌት፣ ማለትም ለአንድ መካከለኛ የጦር መርከብ፣ በሚወጣው ገንዘብ ብዙ ጀልባዎችን መግዛት ይቻላል፤ ከእነዚያ ጀልባዎች አንዷ ብትጠፋ የሚጠፋው የኃይሉ ከፊል ብቻ ሲሆን ፍሪጌቷ ብትጠፋ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል። በዚህ ላይ የጠላት አዛዥ ከእያንዳንዱ ደሴትና ወሽመጥ ጀርባ ሚሳይል ሊኖር እንደሚችል ካወቀ መርከቦቹን ከጠረፉ አርቆ ለማቆም ይገደዳል። መከላከል ማለት ደግሞ በመጨረሻ ጠላትን ማራቅ ነው።

መልሕቅ፦
ማዕበል ያነሷቸው ሁለት ታሪኮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን ታሪኩን 1971 ላይ አቁመውታል። ሁለት ዓመት ብቻ ወደ ፊት ቢሄዱ የተለየ ነገር ያገኙ ነበር። ኦክቶበር 7 ቀን 1973 ሌሊት በሶሪያዋ ላታኪያ ወደብ አጠገብ አምስት የእስራኤል የሚሳይል ጀልባዎች አምስት የሶሪያ መርከቦችንና ጀልባዎችን አሰጥመው አንዲትም ሳትመታባቸው ተመለሱ። ከኦክቶበር 8 ወደ 9 በሚያነጋው ሌሊት ደግሞ በግብፅ ጠረፍ ባልቲም አጠገብ ኦሳ ከሚባሉ አራት የግብፅ የሚሳይል ጀልባዎች ሦስቱ ሰጠሙ። የእስራኤሉ ገብርኤል ሚሳይል የሚደርሰው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲሆን የፒ-15 ክልል ግን የዚያ እጥፍ ነበር። ረጅም ክንድ የነበራቸው ወገኖች የተሸነፉት ሚሳይሎቻቸው በኤሌክትሮኒክ ማደናገሪያና ወደ አየር በሚበተን የብረት ቅዳጅ እየተታለሉ ባዶ ባሕር ላይ ስለወደቁ ነው። በኤይላት ላይ የተሠራው ድንቅ ሥራ ከስድስት ዓመት በላይ አልዘለቀም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ደግሞ በአመዛኙ የጀልባዎቹ ሞት ታሪክ ነው። በማርች 1986 በሲድራ ሰላጤ የሊቢያ የሚሳይል ጀልባዎች በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተመትተው ሰጠሙ። ኤፕሪል 18 ቀን 1988 ጆሻን የተባለችው የኢራን የሚሳይል ጀልባ በአሜሪካ መርከቦች ላይ ሃርፑን የሚባል አንድ ፀረ መርከብ ሚሳይል ተኩሳ ሳትች፤ ብዙም ሳይቆይ እሷ ራሷ ወደመች። በ1991 መጀመሪያ ላይ ወደ ኢራን ለማምለጥ የሞከሩት የኢራቅ ጀልባዎች ደግሞ በቡቢያን ደሴት አካባቢ በአብዛኛው ያለቁት ሲ ስኩዋ የተባለውን ቀላል ሚሳይል በታጠቁ የብሪታኒያ ሊንክስ ሄሊኮፕተሮችና በአውሮፕላኖች ነው። ለመርከብ የተሠራ ትልቅ ሚሳይል የታጠቀች ጀልባ በራሷ ላይ ለሚያንዣብብ ሄሊኮፕተር የምትመልሰው ነገር የላትም። ፍጥነቷም አያድናትም፤ 40 ኖት በሰዓት 74 ኪሎ ሜትር ነው፣ የየትኛውም ሄሊኮፕተር ፍጥነት ከዚያ ይበልጣል።

ይህ ክርክር አዲስ አለመሆኑንም አንባቢ ያስተውል። በ1880ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ አድሚራል ኦብና ተከታዮቻቸው የቶርፒዶ ጀልባ ታላላቆቹን የጦር መርከቦች ዋጋ ያሳጣቸዋል ብለው በብርቱ ተከራክረው ነበር። ብሪታኒያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቶርፒዶ ጀልባን ለማደን ብቻ የተሠራ አዲስ የመርከብ ዓይነት አወጣች፤ ከነዚህ ቀደምት የሆነችው ሃቮክ በ1893 ባሕር ላይ ወረደች። ዛሬ ዲስትሮየር የምንለው መርከብ መነሻው ይኸው ነው። አንድ ትንሽ ጀልባ አንድ ትልቅ መሣሪያ ስለያዘች ብቻ የምታገኘው ብልጫ ተቀናቃኟ መድኃኒቱን እስኪያገኝ ድረስ የሚቆይ ነው።

አድማስ፦
ሁለታችሁም ስለ ጀልባዋና ስለ ሚሳይሏ ስትናገሩ እኔ ግን ከሁለቱም በፊት የሚመጣው ነገር ተዘሏል እላለሁ፤ እሱም ማየት ነው። ምድር ክብ በመሆኗ ራዳር ከአድማስ ባሻገር አያይም። በተለመደው ስሌት የራዳሩን ከፍታና የዒላማውን ከፍታ በሜትር ወስደን የየራሳቸውን ካሬ ሥር እንደምራለን፤ ድምሩን በ4.12 ስናባዛው የእይታውን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጠናል። የጀልባዋ ራዳር ከባሕር በላይ 9 ሜትር፣ የጠላት መርከብ አካል ደግሞ 16 ሜትር ከፍ ቢል ጀልባዋ የምታየው ወደ 29 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የትልቁ መርከብ ራዳር ግን 25 ሜትር ላይ ቢሰቀል ጀልባዋን ከ33 ኪሎ ሜትር ያያታል። ሄሊኮፕተሩ 400 ሜትር ላይ ሲወጣ ደግሞ ወደ 95 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ጀልባዋ ብቻዋን ከወጣች በጠላቷ የመታየቷ ነገር ጠላቷን ከማየቷ ይቀድማል፤ ሚሳይሏ 180 ኪሎ ሜትር መሄዱም ምንም አይጠቅማትም፤ ምክንያቱም ከ29 ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ባሕር ለእሷ ጨለማ ነው።

አሁን በዚህ ዓይን ታሪኩን እንደገና እንየው። ኤይላት የተመታችው ከወደቡ በራዳር በምትታይበት ርቀት ላይ፣ በየጊዜው በምትመላለስበት መስመር ላይ ሳለች ነው። በካራቺ የተሳካላቸው የሕንድ ጀልባዎች ብቻቸውን አልሄዱም፤ የተሻለ ራዳር ያላቸው ሁለት ኮርቬቶች (ከፍሪጌት ያነሱ የጦር መርከቦች) አጅበዋቸዋል፣ ነዳጅ ጫኝ መርከብም ተመድቦላቸው ነበር፤ ሌሊቱም የተመረጠው የፓኪስታን አውሮፕላኖች በሌሊት ባሕር ላይ የመዋጋት አቅም ስላልነበራቸው ነው። በላታኪያ ያሸነፉት ደግሞ የጠላትን ራዳርና የጠላትን ሚሳይል ዓይን አስቀድመው አጥንተው የተነሡ ናቸው። በ1986፣ በ1988 እና በ1991 የጠፉት ጀልባዎች ሰማዩን ተቀናቃኛቸው ይዞት ሳለ የተያዙ ናቸው። በእነዚህ ውጊያዎች ሁሉ ውጤቱን የወሰነው ከማን በፊት ማን አየ የሚለው ነው፤ የጀልባዎቹ ብዛትና ፍጥነት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ስሌት ላክል። በሰከንድ 300 ሜትር የሚበር ሚሳይል 180 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በ30 ኖት የሚሄድ መርከብ ከነበረበት ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ሩቅ ተኳሽ ሚሳይል የገዛ አገር ዒላማውን እስከ መጨረሻው የሚከታተል ዓይን፣ ማለትም የጠረፍ ራዳር፣ የቅኝት አውሮፕላን ወይም ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ከዚያም ያንን መረጃ ለጀልባዋ የሚያደርስ የማይቋረጥ የሬዲዮ ግንኙነት ካልገዛ ግማሽ መሣሪያ ነው የገዛው።

ማዕበል፦
የአድማስን ስሌት እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የእኔን አቋም የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ ሆኖ አላገኘሁትም። ጀልባዋ በገዛ ጠረፏ የምትዋጋ ከሆነ ዓይኑ በተራራ ላይ ሊተከል ይችላል። እርስዎ በሰጡን ስሌት 400 ሜትር ከፍታ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመ ራዳር ያችኑ 16 ሜትር ከፍታ ያላትን መርከብ ወደ 99 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያያታል። አጥቂው ይህ ዕድል የለውም። እንግዲህ ጀልባዋ ራዳሯን አጥፍታ፣ ከደሴት ጥላ ሥር ቆማ፣ የዒላማውን አቅጣጫና ርቀት ከየብስ ተቀብላ ትተኩሳለች። መልሕቅ የዘረዘሯቸው ሽንፈቶች ደግሞ፣ ላታኪያና ባልቲም ሲቀሩ፣ ሰማዩን ሙሉ በሙሉ ከተቆጣጠረ ኃያል አገር ወይም ኅብረት ጋር የተደረጉ ናቸው። በእነዚያ ሁኔታዎች ፍሪጌትም ቢሆን አይተርፍም ነበር፤ በዚያው በኤፕሪል 18 ቀን 1988 የኢራኗ ፍሪጌት ሳሃንድ ሰጥማለች።

ወሽመጥ፦
ክርክሩ የጠረፉን ቅርጽ ሳይጠይቅ ወደ ፊት ሊሄድ አይችልም ብዬ ስለማምን ጣልቃ እገባለሁ። የሚሳይል ጀልባን እስከ ዛሬ አክብረው የያዙ አገሮችን ብንመለከት ኖርዌይ ስኮልድ የሚባሉ ስድስት ጀልባዎች አሏት። ከቀፏቸው በታች አየር እየተነፋ ከውኃው ከፍ ስለሚያደርጋቸው ባሕሩ በተረጋጋ ጊዜ ወደ 60 ኖት ይሮጣሉ፤ እያንዳንዳቸውም ስምንት ሚሳይሎችን ይይዛሉ። እነዚህ ጀልባዎች የተሠሩት ባሕሩ ወደ የብስ እየገባ በገደሎች መካከል የሚጋደምባቸው ፊዮርዶችና በሺዎች የሚቆጠሩ ደሴቶች ላሉት ጠረፍ ነው። ገደሉ ከራዳር ይጋርዳል፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ለትልቅ መርከብ ሲከለከል ለእነሱ ግን ክፍት ነው። ፊንላንድም ሃሚና የሚባሉትን ጀልባዎቿን የምታሰማራው ደሴት በበዛበት ጠረፏ ነው።

አሁን ደግሞ ቀጥ ያለ፣ ደሴት የሌለበት፣ ከውቅያኖስ የሚመጣ ማዕበል በቀጥታ የሚያርፍበት ጠረፍ እናስብ። እዚያ 200 ቶን የምትመዝን ጀልባ የሚጋርዳት ነገር የላትም። ማዕበሉ ሦስትና አራት ሜትር ሲደርስ በወረቀት ላይ የተጻፈላት ፍጥነት ዋጋ የለውም፤ መርከበኛው በመቀመጫው ላይ ታስሮም ቢሆን መሥራት ያዳግተዋል፤ የራዳሩ ምስል ይረበሻል፤ አንዳንዴም ሚሳይል መተኮስ ራሱ አይቻልም። ማዕበል የኤይላትንና የካራቺን ታሪክ ሲያነሡ ሁለቱም ውጊያዎች ባሕሩ ለትንሽ ጀልባ በተመቸበት ጊዜ መካሄዳቸውን አላነሡም። ስለዚህ ለጥያቄው አንድ መልስ ያለው አይመስለኝም። ደሴት ለበዛበት ጠረፍ አዎን እላለሁ፤ ለተራቆተ ጠረፍ ግን አይሆንም።

መልሕቅ፦
ወሽመጥ በገለጹት ደሴት የበዛበት ጠረፍ ላይ እንኳን ቢሆን የተሻለ አማራጭ መኖሩን ላሳይ። ሚሳይሉን ከጀልባ ላይ አንሥተን በከባድ መኪና ላይ ብንጭነውስ? በጁን 12 ቀን 1982 በፎክላንድ ጦርነት አርጀንቲናውያን ከመርከብ ላይ የተነቀለ ኤግዞሴት ሚሳይል በተጎታች ላይ ጭነው ከየብስ ተኩሰው ግላሞርጋን የተባለችውን የብሪታኒያ መርከብ መቱ። በጁላይ 14 ቀን 2006 ሃኒት የተባለችው የእስራኤል ኮርቬት ከሊባኖስ ጠረፍ በተተኮሰ ሚሳይል ተመትታ አራት መርከበኞቿ ሞቱ። በኤፕሪል 2022 ደግሞ ከ11 ሺህ ቶን በላይ የምትመዝነው የሩሲያ የጥቁር ባሕር መርከቦች ዋና መሪ ሞስክቫ ከየብስ በተተኮሱ የዩክሬን ኔፕቱን ሚሳይሎች ተመትታ ሰጠመች። ዩክሬን በዚያን ጊዜ ስሙን ሊሸከም የሚችል የባሕር ኃይል አልነበራትም፤ ትልቋን ፍሪጌቷን በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ በጠላት እጅ እንዳትወድቅ ራሷ አስጥማት ነበር።

መኪና አይሰጥምም፣ ማዕበል አያስቆመውም፣ ዋሻና ጫካ ውስጥ ይደበቃል፣ ተኩሶ በደቂቃዎች ውስጥ ቦታውን ይለቃል። የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች የባሕር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም፣ ሞተሩንም የትኛውም መካኒክ ይጠግነዋል። የድሃ አገር ገንዘብ ሊሄድበት የሚገባው ወደዚህ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሚገደለው የማን ልጅ ነው የሚለውንም መጠየቅ አለብን። በአንዲት የሚሳይል ጀልባ ላይ ሃያ፣ ሠላሳ ወጣቶች ይሳፈራሉ፤ የአየር መከላከያ የሌላትን ጀልባ ሰማዩን ወደተቆጣጠረ ጠላት መላክ እነሱን ለሞት መላክ መሆኑን በ1991 በሚገባ አይተናል።

ሞተረኛ፦
በፈጣን ጀልባዎች ሞተር ጥገና ላይ ለብዙ ጊዜ የሠራሁ ሰው ነኝና ከጦርነቱ ቀናት ይልቅ ስለ ቀሩት ቀናት መናገር እፈልጋለሁ። ጀልባዋ የምትገዛበት ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው። ቀላል ሆኖ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ የተሠራ ሞተር ዕድሜው አጭር ነው። ለምሳሌ በኦሳ ጀልባዎች ላይ የተገጠመው ኤም-503 የሚባለው ሞተር በክብ የተደረደሩ 42 ሲሊንደሮች አሉት፤ እያንዳንዷ ኦሳ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሦስት ሞተሮች አሏት። ይህን ሞተር አውርዶ መበተንና መልሶ መግጠም ልዩ ወርክሾፕ፣ ልዩ መሣሪያና ለዓመታት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ያ በሌለበት አገር ሞተሩ ወደ አምራቹ ይላካል ወይም ከአንዷ ጀልባ ላይ እየተፈታ ለሌላዋ መለዋወጫ ይሆናል። ሚሳይሎቹም ቢሆኑ ዕድሜ አላቸው። የፒ-15 ነዳጅ ፈሳሽና እጅግ መርዛማ ስለነበር ሚሳይሉን ሞልቶ ለረጅም ጊዜ ማቆየት አደገኛ ነበር፤ የዛሬዎቹ በጠጣር ነዳጅና በጄት ሞተር የሚሠሩት በጣም የተሻሉ ናቸው፤ ሆኖም ባትሪያቸውና የኤሌክትሮኒክ ዕቃቸው በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

በዚህ የተነሣ አሥራ ሁለት ጀልባዎች አሉኝ የሚል የባሕር ኃይል በማንኛውም ቀን አሥራ ሁለቱን ባሕር ላይ አያገኛቸውም። ከሦስቱ አንዷ ለመውጣት ዝግጁ፣ አንዷ በሥልጠና ወይም በቀላል ጥገና ላይ፣ አንዷ በትልቅ ጥገና ላይ ብትሆን ሥራው በደንብ ተይዟል ማለት ነው። እንግዲህ የግዢው ውል ሲፈረም ከጀልባዋ ዋጋ ጎን የወርክሾፑ፣ የመለዋወጫውና የሥልጠናው ዋጋ አብሮ ካልተጻፈ ሕዝብ የተነገረው ቁጥር የተሳሳተ ነው። እውነተኛው አደጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ በሰልፍ ቀን የሚያምር፣ በአምስተኛው ዓመት ግን ወደብ ላይ ታስሮ የሚዝግ የባሕር ኃይል ብዙ አገር ገንብቷል።

ደግሞም በሰላም ጊዜ ጠረፍ የሚፈልገው ሥራ ሌላ ነው። ሕገ ወጥ ዓሣ አጥማጅን መያዝ፣ የኮንትሮባንድ ጀልባን ማስቆም፣ አደጋ የደረሰበትን መርከበኛ ማዳን፣ እነዚህ ሁሉ ባሕር ላይ ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየት የምትችል፣ ነዳጅ የምትቆጥብ፣ ማዕበል የምትችል የጥበቃ መርከብ ይፈልጋሉ። የሚሳይል ጀልባ በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ ነዳጇ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ዓሣ አጥማጅን ለማሳደድ እሷን ማውጣት ለጦርነት ቀን የተቀመጠውን የሞተር ዕድሜ ያለ ቦታው ማባከን ነው።

ማዕበል፦
ለመልሕቅ በመጀመሪያ መልስ ልስጥ። የመኪናው ሚሳይል መልካም መሣሪያ ነው፤ ይሁንና መንገድ ካለበት ቦታ አይወጣም። ከዋናው የብስ መቶ ኪሎ ሜትር የራቁ ደሴቶች ያሉት አገር፣ ወይም ጠረፉ መንገድ አልባ የሆነ አገር በመኪና ብቻ አይከላከልም። የሃኒት ታሪክም ሙሉ ሆኖ መነገር አለበት፤ መርከቧ የተመታችው ሚሳይል ይተኮስብኛል ብላ ስላልጠበቀች የመከላከያ ሥርዓቷ ዝግጁ ባልነበረበት ሰዓት ነው። ጠላት ሚሳይሉ ከየብስ ብቻ እንደሚመጣ ካወቀ ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አዙሮ ይጠብቃል፤ ጀልባዎች ሲኖሩ ግን ከየትም ሊመጣበት ስለሚችል መከላከያውን ይበትናል። በሰው ሕይወት ላይ ያነሡት ነገር ከባድ ነው፤ አልሸሸውምም። ለዚህም ነው ጀልባዎቹ ከጠረፉ የአየር መከላከያ ጥላ ውጭ እንዳይወጡ የምከራከረው። በ1991 ያለቁት ጀልባዎች በዚያ ጥላ ሥር ሲዋጉ አልነበሩም፤ በክፍት ባሕር እየሸሹ ነበር።

ሞተረኛ ስለ ጥገና የተናገሩትን ግን እንዳለ እወስደዋለሁ፤ ከእኔ ወገን የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ወጪ ከሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለባቸው።

ወሽመጥ፦
እስካሁን ማንም ያላነሣው አንድ አዲስ ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ሌሊት ኢቫኖቬትስ የተባለችው የሩሲያ የሚሳይል ኮርቬት በክራይሚያ ዶኑዝላቭ በተባለው ሐይቅ ውስጥ ሳለች ማጉራ የሚባሉ ሰው አልባ የዩክሬን ጀልባዎች እየተከታተሉ መትተው አሰጠሟት። ይህች መርከብ ሞስኪት የሚባሉ ከድምፅ የፈጠኑ አራት ትልልቅ ሚሳይሎችን የታጠቀች ነበረች፤ ለሚመጡባት ትንንሽ ጀልባዎች ግን እነዚያ ሚሳይሎች ምንም አልረዷትም። ማዕበል በመጀመሪያ ያሉትን አስታውሱ፤ ትንሽና ርካሽ የሆነው ትልቅና ውድ የሆነውን ያሸንፋል ብለው ነበር። አሁን ትንሹና ርካሹ ሰው የማይሳፈርበት ጀልባ ነው፤ የሚሳይል ጀልባዋ ራሷ ከትልልቆቹና ከውዶቹ ተርታ ገብታለች።

አድማስ፦
ወሽመጥ ያነሡት ነገር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሰው አልባ ጀልባም ከዓይን ነፃ አይደለም። ዩክሬናውያን ያንን ያደረጉት በሳተላይት ግንኙነት እየመሩ፣ የመርከቦቹን መቆሚያ አስቀድመው አውቀው፣ በቆመ ወይም በተወሰነ ቦታ በሚንቀሳቀስ ዒላማ ላይ ነው። በሰፊ ባሕር ላይ በ25 ኖት የምትጓዝ መርከብን ፈልጎ ማግኘት ለሰው አልባው ጀልባ ከሚሳይል ጀልባዋ ይበልጥ ከባድ ነው፤ ከውኃው ላይ ያለው ከፍታ ከአንድ ሜትር ስለማይበልጥ የራሱ እይታ እጅግ አጭር ነው። ግንኙነቱ በጠላት ከታወከ ደግሞ የሚቀረው ነገር የለም።

ሌላም ያሳሰበኝ ጉዳይ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ1971 በካራቺ አጠገብ ከሰጠሙት መካከል ቬነስ ቻሌንጀር የተባለች የንግድ መርከብ ትገኝበታለች፤ በሁለተኛው ጥቃትም የሌሎች አገሮች ባንዲራ የያዙ የንግድ መርከቦች ተመትተዋል። በዚያው ጦርነት የፓኪስታን አውሮፕላን የራሱን አገር ፍሪጌት ዙልፊቃርን የሕንድ የሚሳይል ጀልባ ናት ብሎ ደብድቧል። በጠረፍ አካባቢ ባሕሩ በዓሣ አጥማጆች፣ በጭነት መርከቦችና በመንገደኞች የተሞላ ነው። የሚሳይሉ ራዳር ትልቅ የብረት አካል ያያል እንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም። ጠረፉን በሚሳይል ለመከላከል የወሰነ አገር ከመተኮሱ በፊት የዒላማውን ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ ከሌለው የመጀመሪያ ሰለባዎቹ የራሱ ዓሣ አጥማጆችና ለወደቡ ስንዴና ነዳጅ ይዘው የሚመጡ መርከቦች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን መንገድ የሚሰጡት የጠረፍ ራዳሮች፣ የንግድ መርከቦች ማንነታቸውን የሚያስታውቁበት የሬዲዮ መለያ ሥርዓት፣ የቅኝት አውሮፕላኖችና እነዚህን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ የሚያሰባስብ ማዕከል ናቸው። እነዚህም በሰላም ጊዜ ሞተረኛ የዘረዘሩትን ሥራ ሁሉ ያግዛሉ፤ ኮንትሮባንዱንም፣ የጠፋውን መርከበኛም የሚያገኘው ያው ራዳር ነው።

አወያይ፦
ውይይቱ ወደ ገንዘብ አመዳደብ ቅደም ተከተል እየመጣ ይመስላል። የመጀመሪያው ብር የት ይዋል ለሚለው እያንዳንዳችሁ አቋማችሁን በግልጽ ብታስቀምጡ መልካም ነው።

አድማስ፦
የመጀመሪያው ገንዘብ ለዓይን ይሁን፤ ለጠረፍ ራዳር፣ ለቅኝትና ለግንኙነት። ሁለተኛው ለጥበቃ መርከቦች ይሁን፤ ምክንያቱም ከዓመቱ ቀናት አብዛኞቹ የሰላም ቀናት ናቸው። ሦስተኛው በመኪና ላይ ለሚጫኑ ሚሳይሎች ቢሆን እመርጣለሁ። የሚሳይል ጀልባ ከእነዚህ በኋላ ብትመጣ አልቃወምም፤ ከእነዚህ በፊት ብትመጣ ግን ማን እንደሆነ በማታውቀው ነገር ላይ የምትተኩስ ዓይነ ስውር ጀልባ ትሆናለች።

መልሕቅ፦
በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከአድማስ ጋር እስማማለሁ። በአራተኛው ቦታ ግን የባሕር ፈንጂን አስቀምጣለሁ። በ1991 ትሪፖሊና ፕሪንስተን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች በአንድ ቀን በኢራቅ ፈንጂዎች ተጎድተዋል፤ የኢራቅ የሚሳይል ጀልባዎች በዚያ ጦርነት ከነበራቸው ድርሻ ጋር ይህን ማነጻጸር በቂ ነው።

ማዕበል፦
ፈንጂ የራስን ወደብም ይዘጋል፤ ከጦርነቱም በኋላ ለዓመታት ሰላማዊ መርከብ ይገድላል። እኔ ዓይኑ ይቅደም በሚለው ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ጀልባዎቹን መግዛት ለመጨረሻ ካቆየነው ለመርከበኞቹ ሥልጠና የሚሆን ጊዜ አይኖረንም። አንድ የጀልባ አዛዥ በሌሊት፣ ራዳሩን አጥፍቶ፣ በደሴቶች መካከል በ35 ኖት መንዳት ለመቻል ዓመታት ይፈልጋል። ይህ ችሎታ ጦርነት ሲመጣ በገበያ አይገኝም። ስለዚህ ደሴት ለበዛበት ጠረፍ አራት ወይም ስድስት ጀልባዎችን ከራዳሩ ጋር አብሮ መጀመር ይገባል እላለሁ።

ሞተረኛ፦
ስድስት ከሆኑ ለመውጣት ዝግጁ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። ለሁለት ዝግጁ ጀልባዎች አንድ ሙሉ ወርክሾፕና የመለዋወጫ መጋዘን መሥራት የሚያዋጣው ያው ወርክሾፕ የጥበቃ መርከቦቹንም የሚጠግን ሲሆን ብቻ ነው። ይህም ማለት ሁለቱ የመርከብ ዓይነቶች ሲመረጡ ሞተሮቻቸው ከአንድ አምራችና በተቻለ መጠን ከአንድ ቤተሰብ እንዲሆኑ ከውሉ በፊት መወሰን አለበት፤ ፍጥነቱ ከ40 ኖት ወደ 32 ቢወርድም እንኳን። ጀርመን በ2016 የመጨረሻዎቹን የጌፓርድ የሚሳይል ጀልባዎቿን አሰናብታ ሥራቸውን ፍጥነታቸው ለቀነሰ፣ ግን ባሕር ላይ ረጅም ጊዜ ለሚቆዩ ኮርቬቶች ሰጥታለች። ማዕበል በሚያቀርቡት ሐሳብ ላይ ይህ ቅድመ ሁኔታ ከተጨመረ ልደግፈው እችላለሁ፤ ካልተጨመረ ግን ድምፄ ከመልሕቅ ጋር ነው።